ከሰማይ የወረዱ አምስት ድንጋዮች

ነርሷ ሳጥኑን የከፈተችው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከስድስት ደቂቃ ላይ ነው። ውስጡ አምስት ብልቃጥ የእባብ መርዝ ማርከሻ መኖር ነበረበት፣ ከነበረዶው። ያገኘችው አምስት ድንጋይ ነው።

ከተማ ፖሊስ ጣቢያ ሆኜ በስልክ ሲነግሩኝ መጀመሪያ ሳቅኩ። ድሮን ድንጋይ ጭኖ መጣ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ቀጥለው አልጋ ላይ ያለችው ማን እንደሆነች ነገሩኝ። የመንደሩ አስተማሪ ናት፣ የሊቀመንበሩ ልጅ፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ። ንጋት ላይ ቀኝ እግሯን እባብ ነድፏታል።

"አንቺ ሂጂ፣ ሰዎቹን ታውቂያቸዋለሽ" አለኝ አለቃዬ።

አውቃቸዋለሁ። እነሱም ያውቁኛል፤ ችግሩ እሱ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ መንደራቸው ስመላለስ የነበረው ለሌላ ጉዳይ ነው። ሰዎቹ ከመንገዱም ከመዝገቡም በፊት እዚያ የነበሩ ናቸው። አንድ ቀን ቀያሾች መጡና ከመንደሩ በላይ ያለው ቀይ ኮረብታ ላይ ችካል ተከሉ። በሳምንቱ ተነቀለ። እንደገና ተከሉ፣ እንደገና ተነቀለ። ማን ነቀለው? "ንፋስ።" ሽማግሌው ንፋስ፣ ሕፃኑ ንፋስ። ንፋሱ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ልይ ብዬ አንዱን ችካል ልነቅል ሞከርኩ። ንቅንቅ አላለልኝም። አብሮኝ ከመጣው ሃምሳ አለቃ ጋር ሁለት ሆነን ነው ያወጣነው።

በጭነት ጀልባ ተሳፈርኩ። ቁልቁል ሁለት ሰዓት ነው፤ ሽቅብ አምስት። በኮረብታው ሥር ስናልፍ ቆጠርኩ። ከታችኛው ረድፍ ስድስት ችካል የለም። ትናንት ማታ ስመለስ ነበሩ።

ባለጀልባው ወሬ ጠምቶት ወንዙን ግራ ቀኝ ያያል። "ዛሬ ምን ነካው? ሽቅብ የሚወጣ አንድ ነፍስ የለም" አለ። እኔ የማየው ሰዓቴን ነበር።

ስድስት ተኩል ላይ ውሃ መውረጃው ጋ ጣለኝና ቁልቁል ቀጠለ። ጥቁር ጭቃ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገባሁ።

ጤና ኬላው ሁለት ክፍል ነው። ደጁ ላይ ጥቁርና ነጭ ካሬ ያለው፣ የአልጋ ስፋት ያህል ምንጣፍ ተዘርግቷል። ልረግጠው እግሬን ሳነሳ ከውስጥ ጩኸት መጣ።

"አትርገጪው! ድሮኑ የሚያርፍበት ነው!"

ዞሬ ገባሁ።

ነርሷ ዓይኗ ቀልቷል። አስተማሪዋ አልጋው ላይ እግሯ እስከ ጉልበቷ አብጦ ተኝታለች፤ ቆዳዋ ተወጥሮ ያብረቀርቃል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም።

"ስንት ጊዜ አላት?" አልኩ።

"ማታን ካየች ጎበዝ ናት።"

"በጀልባስ?"

"ሽቅብ አምስት ሰዓት? በግማሽ መንገድ ሬሳ ነው የምትይዥው።"

"ሌላ መድኃኒት?"

"ከተማው ውስጥ የነበረው አምስቱ ብቻ ነው። ሌላ ነገ ከሰዓት ይገባል ብለዋል።"

"የጠፋው ቢገኝስ? ይሠራል?"

"በረዶው እስኪቀልጥ። አሥራ አንድ ሰዓት በይው።"

አራት ሰዓት ተኩል አለኝ። ማን እንደሰረቀ አላስጨነቀኝም። የት እንዳስቀመጠው ነው የፈለግኩት።

ሊቀመንበሩ ገቡ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ትከሻቸው በሩን ሞላው። ሰላምታ አልሰጡኝም።

"ሳጥኑን የከፈተችው ይቺ ናት" አሉ በጣታቸው ነርሷን እያሳዩ። "ብቻዋን።"

"ብቻዬን?" አለች ነርሷ። "እርስዎ ደጅ ቆመው አልነበር ጋሼ?"

"ያየሁት ጀርባሽን ነው።"

"ድንጋዩን ከየት አመጣሁት? ከቀሚሴ?"

"እሱን ኢንስፔክተሯ ትንገረን። እንግዳ እንግዳን ያውቃል።" ወደኔ ዞሩ። "ልጄ ብትሞት ይቺን ሴትዮ ከሕዝቡ የማድናት እኔ አይደለሁም። ቀድሜ ነግሬሻለሁ።"

ነርሷ ፋሻውን እየፈታች መጠቅለል ጀመረች።

"አስተማሪዋ የት ነው የተነደፈችው?" አልኩ።

"ውሃ መውረጃ" አሉ። ቶሎ ነው ያሉት።

ከተማ ያለውን መድኃኒት ቤት ቀድሜ ጠይቄያለሁ። ሳጥኑን ሁለት ሰው ቆሞ ነው ያሸገው፣ ፎቶም አለው። እዚህ ደግሞ ሊቀመንበሩ ድሮኑ ከሰማይ ሲወርድ አይተዋል። ከተማ ሲነሳ መድኃኒት፣ እዚህ ሲያርፍ ድንጋይ። መሀሉ ሰማይ ብቻ ነው።

ድንጋዮቹን አስመጣሁ። ጡጫ የሚያክሉ፣ ድቡልቡል፣ ንጹህ። አፈር የለባቸውም። የሕፃናት ሚዛኑ ላይ አንድ በአንድ አስቀመጥኳቸው። አምስቱም እኩል ናቸው። ወንዝ አምስት እኩል ድንጋይ አይሠራም፤ ሰው ነው የሚመርጥ። አንዱ ላይ ነጭ የክር ብናኝ ተለጥፏል። ከፋሻው ነው አልኩና አለፍኩ።

ሊቀመንበሩን አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩት።

"ድንጋይ ነው" አሉ።

"እሱንማ አውቃለሁ።"

"እንግዲያው ምን ትጠይቂኛለሽ?"

ሲወጡ ነርሷ ክንዴን ያዘችኝ።

"ፖስታን ጠይቂው።"

ፖስታ የመንደሩ ጀልባ ነጂ ነው። ደብዳቤም፣ መድኃኒትም፣ ምስማርም በእሱ ጀልባ ነበር የሚገባው። ድሮኑ ከመጣ ሁለት ወር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጀልባው ባዶውን ይሄዳል።

"ምን አለ?"

"ድሮኑን ጢንዚዛ ነው የሚለው፤ ያ ጢንዚዛ አንድ ቀን ይወርዳታል አለ። ሰው ፊት ነው ያለው። ዓርብ ስብሰባ አለ፣ ድሮኑ ይቆይ ይሂድ ተብሎ ይወሰናል። ከዓርብ በፊት እንዲህ ሆነ። አንቺ ምን ትያለሽ?"

እኔ አልጣመኝም አልኩ። በጣም ቀጥ ያለ ነገር አይጥመኝም። ግን ሌላ ምን ነበረኝ?

የፖስታና የእናቱ ቤት ከጤና ኬላው ጀርባ ስድሳ እርምጃ ነው። ቆጠርኩት። በየበሩ የቆሙት ሴቶች ስቀርብ ወሬያቸውን እየቆረጡ፣ ሳልፋቸው በቋንቋቸው እየቀጠሉ ሸኙኝ።

እናቱ ሸማኔ ናቸው፤ ከመንደሩ ሸማኔዎች የቀሩት እሳቸው ብቻ። ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

"ልጅዎ የት ነው እማማ?"

"ወጥቷል ልጄ። ንጋት ላይ በጀልባው ወደ ከተማ ወጣ።"

"መቼ ይመለሳል?"

"እሱ ያውቃል። ጢም አውጥቷል፣ አልጠይቀውም።"

ገባሁ። የሽመና ዕቃቸው ፊት ተቀመጡ። ዕቃው ግድግዳው ላይ የተደገፈ፣ ቁመቱ የበር ያህል ነው። ድሩ ከላይ ይወርድና ከታች በትንንሽ የጨርቅ ከረጢቶች ተወጥሯል። ከረጢቶቹ የተሞሉ ናቸው፤ በቀኝ በኩል ያሉት ግን ሟሽሸው ተንጠልጥለዋል፣ በዚያ በኩል ክሩ ላልቷል። ሴትዮዋ እያወሩኝ ማጉን ያስገባሉ፤ ጨርቁም ወደ ቀኝ እየተጣመመ ነው። እርጅና ነው አልኩ በልቤ።

"ልጅዎ ድሮኑን ይጠላዋል ይባላል።"

"ሥራውን ወሰደበት። ይውደደው?"

"እርስዎስ?"

"እኔን ምን አደረገኝ? ምንጣፉን የሠራሁለት እኔ ነኝ።" በዚህ ጊዜ ብቻ ቀና አሉ። ኩራት ነበረው።

"ውሃ ይስጡኝ እስቲ።"

ሁለት እንስራ አለ። አንዱ እጃቸው ሥር ነው፣ እርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ። ሌላው ደጃፉ ጋ። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱና የሩቁን ቀዱልኝ። ለብ ያለ ነው።

ጓዳው በመጋረጃ ተጋርዷል። የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ።

"ማን አለ?"

"ዶሮ ታቅፋብኛለች። እንዳትረብሻት።"

ወጣሁ። ሰባት ከሃያ።

ስልክ የሚሠራው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ የውሃ ታንከሩ ማማ ላይ። መሰላሉን ወጣሁ። ከተማ ያለው የድሮኑ አብራሪ በሦስተኛው ጥሪ አነሳ።

"ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ስምንት ላይ መድረስ ነበረበት" አልኩት። "አራት ከስድስት ነው የደረሰው። ስምንቱ ደቂቃ የት ሄደ?"

"ንፋስ ነበር።"

"ስማ ወንድሜ። ንፋስ የሚለውን ቃል ሦስት ሳምንት ሰምቼዋለሁ። አንዴ ብትደግምልኝ ካለህበት መጥቼ ነው የማነጋግርህ።"

ሲተነፍስ ይሰማኛል።

"ወርዷል" አለ በመጨረሻ።

"የት?"

"እዚያው። እኔ ካርታ ላይ የማየው አንድ ነጥብ ነው፤ ሃምሳ ስድሳ እርምጃ አይለይልኝም። ድሮኑ የማረፊያ ምልክቱን አየሁ አለ፣ ወረደ። ስድስት ደቂቃ ተቀመጠ። ተነሳ። እንደገና ምልክቱን አየሁ አለና እንደገና ወረደ።"

"ከዚህ በፊትስ ሆኗል?"

"ሦስቴ።"

"ሦስቴ! ለማን ነገርክ?"

"ለማንም። ዓርብ እኮ ይወሰናል። ጉድለት አለበት ከተባለ ይዘጋል፣ እኔም ቤቴ ነኝ።"

"ሲወርድ አይቀርጽም?"

"አይቀርጽም። ምልክቱን ብቻ ነው የሚያይ። መንደሩ ግን ይቀርጻል ብሎ ነው የሚያምን።"

"ተቀምጦ ሳለ ሰው ቢከፍተውስ?"

"ክብደት ከጎደለው አይነሳም። ይጮሃል እንጂ አይነሳም።"

"ድንጋይ ቢሞላበት?"



"ክብደት ክብደት ነው" አለ።

ማማው ላይ ቆሜ ጣራዎቹን አየሁ። ቆርቆሮው ሁሉ አቧራ ለብሷል። የፖስታና የእናቱ ቤት ጣራ ላይ ግን አንድ ንጹህ ቦታ አለ። የአልጋ ስፋት ያህል። ዳር ዳሩ ላይ የነበረ ነገር እንዳይበር የተቀመጡ አራት ጡቦች እንዳሉ ናቸው።

እየሮጥኩ ወደ ነርሷ።

"ይሄ ምልክት ሌላ አለው? ሁለተኛ?"

"ይሄ ራሱ ነው ሁለተኛው" አለች ምንጣፉን እያየች። "ድርጅቱ የሰጠን ፕላስቲክ ነበር። አንድ ጥጉ ተቀደደ። እማማ ሸማኔዋ ለናሙና ወሰዱና ይሄን ሠሩ። ሁለት ጊዜ ድሮኑ እምቢ ብሎ ተመለሰ። ለካ አንዱ ካሬ ላይ የራሳቸውን ምልክት አድርገው ኖሯል፤ ሥራቸው ላይ ሁሉ ያደርጋሉ። ፈተው ሠሩት፣ ወረደ።"

"ፕላስቲኩስ?"

"እሳቸው ጋ ቀረ። የተቀደደ ምን ያደርግልኛል?"

የተቀደደ! በዚህ መንደር ደህና ፕላስቲክ የሚጥል ሰው የለም። የሚያፈስ ጣራ ላይ ይወጣል።

ፖስታ ነው አልኩ። ፕላስቲኩን አይቶ፣ ጢንዚዛውን አውርዶ፣ ድንጋይ ሞልቶ ሰደደው፤ ዓርብ እንዲዘጋ። መድኃኒቱን ይዞ ሽቅብ ሄደ።

ሽቅብ?

እኔ ሁለት ሰዓት ሙሉ በዚያ ወንዝ ላይ ነበርኩ። ንጋት ላይም ሆነ አራት ሰዓት ላይ ሽቅብ የወጣ ጀልባ ከተማ ሳይደርስ እኔን ማግኘት አለበት። ባለጀልባው አንድ ነፍስ የለም እያለ ሲያዝን ነበር።

ፖስታ አልወጣም።

አልጋው ሥር የአስተማሪዋ ጫማ አለ። አነሳሁት። ቀይ አፈር፣ እስከ ማሰሪያው። የራሴን ጫማ አየሁ፤ ከላይ የዛሬው ጥቁር ጭቃ፣ ከሥሩ የትናንቱ ቀይ። መዳፏን ገለጥኩ። ውሃ ቋጥሮ የተላጠ፣ ሁለቱም።

"ይሄንን አይተሽዋል?"

"አይቻለሁ" አለች ነርሷ። ዓይኗን አሸሸች። "እኔ ነርስ ነኝ። ፖሊስ አይደለሁም።"

እሷም ከእነሱ ጋር ናት ማለት ነው። ጫማውን ይዤ ወጣሁ።

ሊቀመንበሩ ከጤና ኬላው ጀርባ ብቻቸውን ቆመዋል። ጫማውን እግራቸው ሥር አስቀመጥኩ።

"ይሄ የውሃ መውረጃ አፈር ነው?"

አላዩትም።

"አንድ ችካል ሁለት ሰው ይፈልጋል" አልኩ። "ሞክሬዋለሁ። ከማን ጋር ነበረች?"

"ለካ ለዚህ ነው የመጣሽው።" ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነው የሚያስፈራው። "ልጄ እየሞተች አንቺ ችካል ትቆጥሪያለሽ።"

"ልጅዎን እየገደላት ያለው የእርስዎ ዝምታ ነው።"

"ወረቀትሽን አውጪና ጻፊው በይ! እኔ ስም እነግርሻለሁ፣ አንቺ በካቴና ትወስጂዋለሽ። ሞኝ መስዬሻለሁ?"

ሰዓቴን አየሁ። ዘጠኝ ሊሆን ሃያ ጉዳይ። ብዕሬን ከኪሴ አወጣሁና እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ።

"ሌላ መጻፊያ የለኝም" አልኩ። "ይያዙልኝ። አሁን ይንገሩኝ።"

ብዕሩን አዩት። እኔን አዩኝ። መጥፎ ነገር የነካቸው ይመስል ጣታቸውን አልጨበጡበትም።

"ፖስታ" አሉ።

"እሱስ ተነድፏል?"

"የለም። ተሸክሞ ያመጣት እሱ ነው። ምንም አልሆንኩም ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።"

"ከዚያ በኋላ አይተውታል?"

ወደ ሸማኔዋ ቤት ዞሩ። ሁለታችንም እኩል ነው የገባን መሰለኝ፤ እሳቸው ግን ቀድመውኝ መራመድ ጀመሩ።

ሸማኔዋ እንደተቀመጡ ናቸው። ጨርቁ ከቅድሙ ይበልጥ ተጣሟል።

"ዶሮዋን ላያት መጣሁ እማማ" አልኩ።

እጃቸው ቆመ።

ከቦርሳዬ አንድ ድንጋይ አውጥቼ ተንበረከኩ። ከሟሸሹት ከረጢቶች አንዱን ከፈትኩና ከተትኩት። ልክ ገባ። ክሩ ተወጠረ። ባዶዎቹን ቆጠርኩ። የቀሩት አራት ናቸው።

ሴትዮዋ አልካዱም። እርጥቡን ጨርቅ ራሳቸው ገለጡልኝ። እንስራው ውስጥ አምስቱ ብልቃጥ በላስቲክ ከረጢት ሆነው፣ ከበረዶው ቁራጭ ጋር ተንሳፍፈዋል። አንዱም አልተከፈተም።

"ለምን?" አልኩ።

"ልጄ እባብ ነድፎታል። እግሩን አሳየኝ፣ ሁለት ነጥብ። ለማንም እንዳትነግሪ አለኝ፤ ሁለታችን አንድ ቀን ከተነደፍን ያቺ ፖሊስ የት እንደነበርን ታውቃለች አለኝ።" ያቺ ፖሊስ ሲሉ አላፈሩም። "ለእሷ መድኃኒት በጢንዚዛው ይመጣል ሲባል ሰማሁ። እኔ ጋ ይወርዳል፣ አውቃለሁ።"

"ሁልጊዜ ይወርዳል?"

"ሁልጊዜ ባይሆንም። ምንጣፉን ስለሠራሁለት ሊጠይቀኝ የሚወርድ መስሎኝ ነበር።" ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ቀልድ የለም። "መጀመሪያ የወረደ ቀን አንድ ነገር አውጥቼ ሳይ አልሄድም አለ። ስመልስለት ሄደ። ዛሬም መድኃኒቱን ሳወጣ ጣራዬ ላይ ተቀምጦ ይጮኻል። ሰው ሊሰማ ነው። ከሽመናዬ ድንጋይ ፈትቼ በመሰላሉ ተመልሼ ወጣሁና አንድ ሰጠሁት። ሁለት፣ ሦስት። አምስተኛው ላይ ሄደልኝ።"

"ሰው ለማታለል አይደለም?"

"ማንን ላታልል? እንዲሄድልኝ ነው።"

"መርፌ መውጋት ይችላሉ?"

"አልችልም።" አሁን ድምፃቸው ተሰበረ። "ነርሷን በጓሮ ላመጣት ነበር። ምክንያቱን አልነገርኳትም፤ ከልጅቷ አልጋ አልነሳም አለች። ከዚያ አንቺ መጣሽ።"

ሙሉ ቀን። መድኃኒቱ እዚህ፣ መርፌው ስድሳ እርምጃ ወዲያ።

ሊቀመንበሩ በሩ ላይ ቆመዋል።

"የኔዋም ልጅ ናት" አሉ።

"አውቃለሁ" አሉ ሸማኔዋ። "ቀና ብዬ ማየት ያልቻልኩት ለዚያ ነው።"

መጋረጃው ተገፈተረ። ፖስታ ግድግዳውን ይዞ ወጣ። ረጅም ነው፣ ፊቱ አመድ መስሏል።

"እሷ መርፌ ተወጋች አላልሽኝም?" አለ እናቱን። "አንቺ! አገኘች ብለሽኛል!"

መልስ አልጠበቅኩም። ላስቲኩን መንጭቄ ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም።

ነርሷ ብልቃጦቹን ስታይ አላመሰገነችም፣ አልጠየቀችም። ዳሰሰቻቸው።

"ቀዝቃዛ ናቸው" አለች፤ መድኃኒቱን በመርፌ መቅዳት ጀመረች።

"ሌላ የተነደፈ አለ" አልኩ። "ፖስታ። ከፍለሽ መስጠት—"

"አይከፈልም። አምስቱ ለአንድ ሰው ነው።"

ሊቀመንበሩ ፖስታን ደግፈው ከኋላዬ ገብተው ነበር። እናቱም ተከትለዋል። ሁሉም ሰማ። አንድ አልጋ፣ አምስት ብልቃጥ፣ ሁለት ልጅ። ማንም ማንንም አላየም።

"ለእሷ" አለ ፖስታ። "ምን ትጠብቂያለሽ?"

ነርሷ አስተማሪዋ ላይ ያለውን ጨረሰች። ከዚያ ተንበርክካ የፖስታን ሱሪ ጠቀለለች። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሁለት ነጥብ አለ። ተጫነችው። ዙሪያውን ተጫነችው። ሌላኛውን እግር አየች። ምላሱን አየች።

"ስንት ሰዓት ላይ ነው?"

"አሥራ ሁለት ሰዓት። እሷን ከነደፋት በኋላ። ልረግጠው ስል ዞረብኝ።"

"ዘጠኝ አልፏል። እስካሁን ካላበጠ አያብጥም።" ተነሳች። "መርዙን እሷ ላይ ጨርሶታል። አንተን የነከሰህ ባዶ አፉን ነው። የታመምከው ፍርሃት ነው።"

ማንም አልሳቀም። ሸማኔዋ ቀስ ብለው መሬቱ ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘረጉና አዩት፣ የሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ።

አስተማሪዋ ማታን አየች። ጠዋትንም አየች። ጠዋት መጀመሪያ የጠየቀችው ውሃ ነው፤ ቀጥሎ እኔን አይታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ማማው ላይ ወጥቼ ለአለቃዬ ደወልኩ።

"ሌባው ማን ነው?"

"ሌባ የለም። የተቀደደ ፕላስቲክ ጣራ ላይ ነበር። ድሮኑ ተሳስቶ እዚያ አረፈ። መድኃኒቱ ተገኝቷል። ፕላስቲኩ ተቃጥሏል።"

"ድንጋዩስ?"

"የሰው የሥራ ዕቃ ነው። መልሻለሁ።"

"ምን ማለት ነው ይሄ?"

"መስመሩ ይቆራረጣል" አልኩና ዘጋሁ።

ወደ ከተማ የሚወጣ ጀልባ አልነበረም። የፖስታ ጀልባ ሸምበቆ ውስጥ ተደብቆ ተገኘ። ባለቤቱ በሁለት እግሩ ይቆማል፤ ሊቀመንበሩ ግን "እኔ እወስዳታለሁ" አሉ። ሞተሩን አስነሱ። ነርሷ ደጃፏ ላይ ሆና እጇን አነሳች። ከጎኗ ሁለት ሴቶች ቆመው ነበር፤ ትናንት ቢሆን አጠገቧ አይቆሙም። ዓርብ ምን ብለው እንደሚወስኑ ጠየቅኳት። "እኔን ይጠይቁኛል ብለሽ ነው?" አለችኝ።

ሽቅብ አምስት ሰዓት ነው። ሊቀመንበሩ ሞተሩ ጋ ተቀመጡ። እኔም ጫማዬን አውልቄ በውሃው አጠብኩ፤ መጀመሪያ ጥቁሩን፣ ቀጥሎ ቀዩን።

ኮረብታው ሥር ስንደርስ ሞተሩን ቀነሱት። መቀነስ አላስፈለገውም ነበር። ሆን ብለው ነው።

ቀና አልኩ። ስድስቱ ብቻ አይደለም። አንድም ችካል አልቆመም። ሁሉም ተጋድመዋል፣ በረድፍ በረድፍ፣ ከላይ እስከ ታች። ሌሊቱን እኔ አስተማሪዋ አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ነበር ማለት ነው።

ሊቀመንበሩ ኮረብታውን አላዩም። የሚያዩት እኔን ነው። ብዕሬን ከደረት ኪሳቸው አወጡና ዘረጉልኝ።

"ዕቃሽ" አሉ።

ተቀበልኳቸው። ክዳኑን አየሁ፣ እንደተከደነ ነው። ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

"ትናንት ኃይለኛ ንፋስ ነበር" አልኩ።

ትንሽ ቆይተው ሞተሩን ጨመሩት።